አዲስ መምህራንን በትምህርት ቤቶች ጉድኝት ማሠልጠን፦ በወሎ ለሚገኝ የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዴት ይቻላል?

ጥያቄ
ከ፦ ርዕሰ መምህርት፣ ደቡብ ወሎ

ጤና ይስጥልኝ። በደቡብ ወሎ በአንድ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በርዕሰ መምህርትነት አገለግላለሁ። ትምህርት ቤታችን ከቅድመ አንደኛ እስከ 6ኛ ክፍል የሚያስተምር ሲሆን፣ ከተማሪዎቻችን አብዛኞቹ የሙስሊምና የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተሰቦች ልጆች ናቸው፤ የመምህራኑም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። ወላጅ ልጁን ወደ እኛ የሚያመጣው ስለ ትምህርቱና ስለ ሥርዓቱ ብሎ ነው፤ ይህን አመኔታ ጠብቆ ማቆየት ደግሞ ከሁሉ በፊት የመምህሩ ሥራ ነው።

ጥያቄዬ አዳዲስ መምህራንን ስለ ማሠልጠን ነው። በየዓመቱ ነባር መምህራን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት፣ ወደ ሌላ ከተማ ወይም ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳሉ፤ በምትካቸውም ከመምህራን ትምህርት ኮሌጅ በቅርቡ የተመረቁ ወጣቶችን እንቀጥራለን። እነዚህ ወጣቶች ትጉና ቅን ናቸው። ነገር ግን መስከረም ላይ የ1ኛ ክፍል ሕፃናትን ብቻቸውን ሲረከቡ፣ ፊደል ለይቶ የመጣውንና እርሳስ አያያዝ ገና የሚማረውን ልጅ በአንድ ክፍለ ጊዜ እንዴት እንደሚያስተምሩ፣ የልጅን ስሕተት ሳያሸማቅቁ እንዴት እንደሚያርሙ፣ ልጁ ወደኋላ የቀረበትን ወላጅ እንዴት እንደሚያነጋግሩ የሚያሳያቸው ሰው ከጎናቸው የለም። ዓመቱ በመፍጨርጨር ያልፋል፤ የዚያ ዓመት ሕፃናት ግን ሌላ 1ኛ ክፍል የላቸውም።

ከባልደረቦቼ ጋር ያሰብነው አዲሱ መምህር የመጀመሪያ ዓመቱን በነባር መምህር ሥር ሆኖ እንዲሠራና በዓመቱ ውስጥ የተወሰኑ ሳምንታትን በአጋር ትምህርት ቤት እንዲያሳልፍ ማድረግ ነው። የባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከት በጥር 2007 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በአንድ ሀገረ ስብከት ሥር ብንሆንም፣ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶቹ ጥቂትና የተራራቁ በመሆናቸው እርስ በርስ ብቻ ተጣምረን አንዘልቅም። ስለዚህ በአካባቢያችን ካሉት የመንግሥት ትምህርት ቤቶችና ከኮሌጁ ጋር መጣመር ይኖርብናል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሥልጠና በሕግና በሙያ ረገድ ተቀባይነት እንዲኖረው አድርጎ ማደራጀት የሚቻለው እንዴት ነው? ደግሞስ መምህሩም ተማሪውም ካቶሊክ ባልሆኑበት፣ የሃይማኖት ትምህርት በክፍል ውስጥ በማይሰጥበት አገር፣ የካቶሊክ ትምህርት ቤት መምህር ሆኖ መሠልጠን ማለት በተግባር ምን ማለት ነው? ከልምዳችሁ ብታካፍሉኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።


መልስ
ከ፦ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አሠልጣኝ፣ ደሴ

የተከበሩ ርዕሰ መምህርት፣ ጥያቄዎ የብዙዎቻችን ጥያቄ ነው። በመጀመሪያ ሊያጽናናዎት የሚገባው ነገር፣ ያሰቡትን ለመሥራት ከባዶ እንደማይነሡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የመምህራን ትምህርት ሥርዓቱ ሲከለስ ዕጩ መምህራን በሥልጠናቸው ዘመን ወደ ትምህርት ቤት እየወጡ እንዲለማመዱ ፕራክቲከም የሥልጠናው ዋና አካል ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍ ደግሞ እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ለሙያው ማሻሻያ እንዲያውልና አዲስ የተመደበ መምህር ለሁለት ዓመት በአማካሪ መምህር እየታገዘ የሙያ ትውውቅ እንዲያደርግ ይደነግጋል። ትምህርት ቤቶች በጉድኝት ማዕከል ዙሪያ ተደራጅተው ልምድና መሣሪያ እንዲጋሩም ከተወሰነ ቆይቷል። ስለዚህ እርስዎ የሚያስፈልግዎት በወረቀት ያለውን በትክክል መሥራትና የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤትዎን በዚያ ውስጥ እንደ ሙሉ አባል ማስገባት ነው።

ሥልጠናው በሕግና በሙያ ተቀባይነት እንዲኖረው ስለ ጠየቁ፣ የምስክር ወረቀቱን ነገር በአጭሩ ልመልስ። የመምህርነት የትምህርት ማስረጃ የሚሰጠው ኮሌጁ ነው፤ የትምህርት ቤቶች ጉድኝት ይህን ሊተካ አይችልም፤ መተካትም የለበትም። ጉድኝቱ የሚሰጠው ሥልጠና ግን በመምህሩ ፖርትፎሊዮ (የሙያ ማስረጃ ማኅደር) ውስጥ እንደ ትውውቅና እንደ ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ሊመዘገብ ይችላል። ለዚህም ከኮሌጁና ከከተማው ትምህርት መምሪያ ወይም ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጋር የመግባቢያ ሰነድ መፈራረም ይበቃል።

ከባዱ ጉዳይ ይህ አይደለም። በፕራክቲከም ብዙ ጊዜ የማየው ችግር ሌላ ነው፤ ዕጩው መምህር ወደ ክፍል ሲገባ ነባሩ መምህር የዕረፍት ጊዜ ያገኘ ይመስል ወደ መምህራን ማረፊያ ይሄዳል። ዕጩው ብቻውን ያስተምራል፤ በመጨረሻ አንድ ሰው መጥቶ በቅጽ ላይ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ነጥቡ ግን ምን እንዳደረገና ምን እንዳላደረገ አይነግረውም። በዚህ መንገድ የሄደ ጉድኝት ስሙ እንጂ ሥራው የለም። አንድ ሰው ማስተማርን የሚማረው የበሰለ መምህር ሲሠራ በዓይኑ አይቶ፣ ከዚያ አብሮት አቅዶ፣ ከዚያ ጥቂቱን ራሱ ሠርቶ፣ በዚያው ቀን ስለ ሠራው ሲነጋገር ነው።

በአማርኛ ንባብ ላይ ምሳሌ ልስጥ፤ የ1ኛ ክፍል መምህር የሚፈተነው እዚህ ላይ ነውና። 33ቱ መሠረታዊ ፊደላት በየሰባት ቅርጻቸው ሲቆጠሩ 231 ይሆናሉ። አዲሱ መምህር ፊደል ገበታውን በሰልፍ ማስጮህ ይችላል፤ ልጁም በዜማ ተከትሎ ይላል። ልምድ ያላት መምህርት ግን ልጁ ገበታውን በቃሉ መያዙንና ፊደሉን መለየቱን ለያይታ ታያለች፤ ከመካከል አንዱን ነጥላ ትጠይቃለች። ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ዘ እና ዠ፣ ጠ እና ጨ በቅርጽ ስለሚቀራረቡ በአንድ ሳምንት አታስተምራቸውም። ሳድሱ (ስድስተኛው ቅርጽ) አንድ ጊዜ በድምፅ፣ አንድ ጊዜ ያለ ድምፅ እንደሚነበብ፣ መጥበቅና መላላት በጽሑፍ እንደማይታይና ልጁ ከዐረፍተ ነገሩ ትርጉም ብቻ እንደሚለየው ታውቃለች፤ ስለዚህም ነጠላ ቃላትን በሰሌዳ ከመደርደር ይልቅ አጫጭር ዐረፍተ ነገሮችን ታስነብባለች። ይህን ሁሉ በኮሌጅ እንናገራለን። ሆኖም ዕጩው የሚገባው ልጁ በሚደናቀፍበት ቅጽበት መምህርቷ ምን እንደምታደርግ አጠገቧ ተቀምጦ ሲያይ ነው። ወደ ክፍሉ ሲገባም አንድ ጥያቄ ይዞ ይግባ፤ ለምሳሌ «መልስ ያጣውን ልጅ ምን ብላ ትረዳዋለች?» የሚለውን ብቻ። ሁሉንም ለማየት የገባ ተመልካች ምንም ሳያይ ይወጣል።

ከዚህ የተነሣ ምክሬ አንድ ነው፤ ጉድኝቱን ከማወጅዎ በፊት የአማካሪውን ጊዜ ይግዙ። አማካሪ መምህሯ ሙሉ የክፍለ ጊዜ ጫናዋን ተሸክማ በተጨማሪ ታሠልጥን ከተባለ፣ እስከ ጥቅምት ትሞክራለች፤ ከዚያ በኋላ ግን የክፍሏ ሥራ ያሸንፋታል። በሳምንት ቢያንስ አራት ክፍለ ጊዜ ከጫናዋ ተቀንሶ፣ በፕሮግራሙ ሰሌዳ ላይ ስሙ ተጽፎ መታየት አለበት።


መልስ
ከ፦ መሪ መምህር፣ ኮምቦልቻ

አሰላሙ ዓለይኩም፤ ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ነኝ፤ ልጆቼን ያስተማርኩት ግን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ የሁለተኛውን ጥያቄ መልስ እንደ ወላጅም እንደ ባልደረባም ልሞክረው።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ፣ ከፖለቲካ ወገንተኝነትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ መሰጠት እንዳለበት ይናገራል። ይህን ሁላችንም እናከብራለን። እንግዲህ የትምህርት ቤታችሁ ማንነት በክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ላይ የማይገባ ከሆነ፣ ያለው በመምህሩ ጠባይ ውስጥ ነው ማለት ነው። እኔ ልጆቼን ስልክ የነበረው ሲስተሮቹ ልጁን በስሙ ስለሚያውቁት፣ የድኻውን ልጅና የነጋዴውን ልጅ በአንድ ዓይን ስለሚያዩ፣ መምህር ሳይቀር ስለማይውል፣ ደብተር ታርሞ ስለሚመለስ ነበር። በሃይማኖታችን ላይ አንድም ቀን የጎረበጠን ነገር አላየንም። አዲሱ መምህር ሊሠለጥንበት የሚገባው ይህ ነው፤ ይህም በስብከት የሚተላለፍ አይደለም። ነባሩ መምህር የሚያረፍደውን ልጅ በር ላይ እንዴት እንደሚቀበለው አዲሱ ሲያይ ይማረዋል።

በወሎ ደግሞ የራሱ የሆነ ዕውቀት ይጠይቃል። በረመዷን የሚጾሙ የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ልጆች አሉ፤ ስፖርትን ለመጨረሻው ክፍለ ጊዜ የሚያስቀምጥ አዲስ መምህር በክፋት ሳይሆን ባለማሰብ ያደክማቸዋል። ዓርብ የጁምዓ ሰዓት አለ። በዐቢይ ጾም በምሳ ዕቃ የመጣውን ምግብ ልጆች ሲካፈሉ ማን ምን እንደማይበላ ማወቅ ያስፈልጋል። ፈተና በመውሊድ ዋዜማ ወይም በጥምቀት ማግሥት እንዳይወድቅ ከዓመቱ መጀመሪያ የቀን መቁጠሪያውን አይቶ ማቀድ ይገባል። ከሌላ አካባቢ ተመርቆ የመጣ ወጣት ይህን ሁሉ ካላሳዩት በምን ያውቀዋል? በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል የሚሰጠው ግብረ ገብም ለዚህ ጥሩ መግቢያ ነው፤ አዲሱ መምህር መጀመሪያ ከአማካሪው ጋር ሆኖ የሚያቅደው ትምህርት እሱ ቢሆን እመርጣለሁ።

ስለ አጋርነቱ ግን አንድ ነገር በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። እኛን እንደ ተረጂ አድርጋችሁ አትምጡ። አዲሶቹ መምህራኖቻችሁ ወደ እኛ ሲመጡ ከእናንተ ክፍል በእጅጉ የሚበልጥ ቁጥር ያለው ክፍል፣ መጽሐፍ ለሦስት የሚጋሩ ልጆች፣ ከገጠር ቀበሌ በእግራቸው የሚመጡ ተማሪዎች ያያሉ። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ቡድን አደራጅቶ፣ ጎበዞቹን አጋዥ አድርጎ፣ ድምፁን ሳያነሣ የሚያስተምር መምህር አለን፤ ከእሱ የሚማሩት ነገር በእናንተ ግቢ አይገኝም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎን ሲያዳርስ ብዙ ትምህርት ቤቶች መጻሕፍታቸውንና ወንበራቸውን ሳይቀር አጥተዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለ መሣሪያ ማስተማርን የተማሩ ሰዎች ናቸው። እኛም በበኩላችን ታች ክፍሎች ላይ ያላችሁን የንባብ አሠራርና የወላጅ ግንኙነት ማየት እንፈልጋለን። መምህራን በሁለቱም አቅጣጫ ከተመላለሱ ጉድኝቱ ይጸናል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሆነ ግን ርዕሳነ መምህራን ሲቀየሩ አብሮ ይፈርሳል።


መልስ
ከ፦ በትምህርት አገልግሎት የተሰማራች ሲስተር፣ አዲስ አበባ

ውድ እህቴ ርዕሰ መምህርት፣ ከላይ የተሰጡት ሁለት መልሶች በጣም ጠቅመውኛል። እኔ በሌላ አገር ያለውን ልምድና የቤተ ክርስቲያናችንን አስተምህሮ ብቻ ልጨምር።

በእንግሊዝ አገር ትምህርት ቤቶች ተባብረው መምህር የሚያሠለጥኑበት አሠራር እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ አለ፤ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶችም በዚህ ይሳተፋሉ። የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሠልጣኝ አንድ የትምህርት ዓመት በአጋር ትምህርት ቤቶች ውስጥ ይሠለጥናል፤ ቢያንስ 120 ቀን በትምህርት ቤት እንዲያሳልፍና ቢያንስ በሁለት ትምህርት ቤቶች እንዲያስተምር ይጠበቅበታል። ሁለተኛው ትምህርት ቤት የግድ የሆነበት ምክንያት በአንድ ግቢ ብቻ የሠለጠነ ሰው የዚያን ግቢ ልማድ የሙያው ሕግ አድርጎ እንዳይወስድ ነው፤ ወንድሜ መሪ መምህሩ ያሉትም ከዚህ ጋር ይስማማል። ከእ.ኤ.አ. መስከረም 2021 ወዲህ ደግሞ አዲስ መምህር የሁለት ዓመት የትውውቅ ጊዜ አለው፤ በመጀመሪያው ዓመት የማስተማር ጫናው በ10 በመቶ፣ በሁለተኛው ዓመት በ5 በመቶ ይቀነስለታል፤ አማካሪም ይመደብለታል። በሳምንት 30 ክፍለ ጊዜ ለሚያስተምር ሰው 10 በመቶው ሦስት ክፍለ ጊዜ ነው። ብዙ አይመስልም፤ ነገር ግን በየሳምንቱ የሌላውን ክፍል ለማየትና ከአማካሪው ጋር ተቀምጦ ለመነጋገር ይበቃል።

ከዚያ ልንወስደው የማንችለው ነገርም አለ። በእንግሊዝ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ በመንግሥት በጀት የሚደገፉ ሲሆኑ፣ የሃይማኖት ትምህርት በክፍል ውስጥ ይሰጣል፤ መምህራንም በካቶሊክ ሃይማኖት ጥናት የምስክር ወረቀት የሚያገኙበት የተለየ ኮርስ አለ። የእኛ ትምህርት ቤቶች በወላጅ ክፍያና በቤተ ክርስቲያን ድጋፍ የሚኖሩ ናቸው፤ ክፍላችንም የሁሉም ልጅ ክፍል ነው። ስለዚህ የሥልጠናውን አደረጃጀት መውሰድ እንችላለን፤ ይዘቱን ግን እዚሁ መሥራት ይኖርብናል።

የቤተ ክርስቲያናችን አቋም በዚህ ረገድ ግልጽ ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በጥቅምት 28 ቀን 1965 እ.ኤ.አ. ስለ ትምህርት ባወጣው መግለጫ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ዓላማውን ለመፈጸም ከሞላ ጎደል በመምህራኑ ላይ የተመሠረተ መሆኑን፣ ስለዚህም በሙያም በመንፈሳዊ ዕውቀትም በጥንቃቄ መዘጋጀት እንዳለባቸው ያስተምራል፤ በካቶሊክ ትምህርት ቤቶች መካከልና ከሌሎችም ትምህርት ቤቶች ጋር ትብብር እንዲጠናከር ያሳስባል። ስለዚህ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ጋር መጣመር ማንነታችንን ያደበዝዛል ብለው ለሚሰጉ የቦርድ አባላት ይህንን ማሳየት ይቻላል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በፈረንሳይ መምህራንን በማሠልጠን ሥራ የታወቀው ቅዱስ ዮሐንስ ዴ ላ ሳልም እ.ኤ.አ. በ1950 የመምህራን ጠባቂ ቅዱስ ተብሎ የተሰየመ ሲሆን፣ ጀማሪውን በነባር መምህር ዓይን ሥር በክፍል ውስጥ ማሠልጠን የሥራው መሠረት ነበር። በአገራችንም የእርሱ ማኅበር ወንድሞች በአዲስ አበባና በአዳማ ትምህርት ቤቶች አሏቸው፤ በክረምት አንድ ሁለት ሰው ልኮ አሠራራቸውን ማየት ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል።


ተጨማሪ ጥያቄ
ከ፦ ርዕሰ መምህርት፣ ደቡብ ወሎ

ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ግብረ ገብና ስለ ቀን መቁጠሪያው የተባለውን ከዛሬ ጀምሮ ልንሠራበት እንችላለን። የቀረኝ ጭንቀት የአማካሪዋ ጊዜ ነው። በእኛ ትምህርት ቤት ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል አንድ መምህር አብዛኛውን ትምህርት ለብቻው ያስተምራል፤ ከአማካሪዋ ላይ አራት ክፍለ ጊዜ ብቀንስ ክፍሉን ማን ይይዘዋል? ሌላ መምህር ለመቅጠር ደግሞ የወላጆችን ክፍያ መጨመር ይኖርብናል፤ ይህን የማይችሉ ቤተሰቦች እንዳሉ አውቃለሁ። ከአጋር ትምህርት ቤት ጋር የሚደረገው ምልልስስ በርቀት እንዴት ይዘለቃል?


መልስ
ከ፦ የጉድኝት ሱፐርቫይዘር፣ ወሎ

የተከበሩ ርዕሰ መምህርት፣ ይህ ችግር አዲስ ሰው ሳይቀጠር የሚቃለልበት መንገድ አለ። መጀመሪያ አዲሱ መምህር ራሱ ክፍል ውስጥ እንዳለ አይርሱ። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት አዲሱ መምህርና አማካሪዋ ጎን ለጎን ያሉ ክፍሎችን ይያዙ፤ ሁለቱ ክፍሎች ስፖርት፣ ሙዚቃና ሥዕል በጋራ ሲማሩ አንደኛው መምህር ይይዛቸዋል፤ ሌላኛው ነፃ ይሆናል። እርስዎና ምክትልዎ ደግሞ በሳምንት ሁለት ሁለት ክፍለ ጊዜ ብትይዙ አራቱ ይሞላል። ርዕሰ መምህር ክፍል ሲገባ መምህራኑ የሚሰጡት ክብር ይጨምራል፤ እርስዎም የልጆቹን ንባብ በቀጥታ ያዩታል። ይህ ግን ስብሰባ በመጣ ቁጥር የሚሰረዝ ከሆነ ከመጀመሪያው ባይጀመር ይሻላል።

ርቀቱን በሚመለከት ሁሉን በአንድ ዓይነት አይያዙት። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ሄዶ መመለስ ይቻላል። ወልድያ ላይ አጋር ቢኖርዎት ግን መንገዱ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜም ስላለ በየሳምንቱ ምልልስ ላይ አይመሥርቱት። ከሩቁ አጋር ጋር በመንፈቀ ዓመት ዕረፍትና በክረምት መገናኘት፣ በመካከሉም የተማሪ ደብተሮችን ፎቶ እያነሡ በስልክ መለዋወጥና እርማቱን መወያየት ይበቃል። ከተማሪ ደብተር ላይ የሚደረግ ውይይት የሠልጣኙን ሥራ በአካል ከመጎብኘት ባልተናነሰ ያሳያል።

በመጨረሻ ስለ አማካሪዋ ምርጫ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በአገልግሎት ዘመን ርዝመት ብቻ አይምረጧት፤ ሌላ ሰው ክፍሏ ውስጥ ሲቀመጥ የማይከብዳትን፣ «ይህን ለምን አደረግሽ?» ስትባል ሳትቆጣ የምትመልሰውን ይምረጡ። ከእንደዚህ ያለች አንዲት መምህርት ጋር በ1ኛ ክፍል ብቻ ጀምሩ። የመግባቢያ ሰነዱን ረቂቅ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ከመላክዎ በፊት ለመንግሥት ትምህርት ቤቶቹ ርዕሳነ መምህራን ያሳዩአቸውና በእነርሱ አስተያየት ያስተካክሉት። ፊርማውም በሰኔ ይለቅ፤ የመስከረሙ የክፍለ ጊዜ ድልድል ከወጣ በኋላ ከሰሌዳው ላይ አራት ክፍለ ጊዜ ማውጣት በጣም ያስቸግራል። እኔም ከፊርማው በፊት በሚደረገው የጉድኝታችን ስብሰባ ላይ ጉዳዩ በአጀንዳ እንዲያዝ አደርጋለሁ፤ ረቂቁን እስከዚያ ድረስ ካደረሱኝ ለአባል ትምህርት ቤቶቹ አሰራጨዋለሁ።